በጌሾው ላይ የወጣች ሐረግ

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በአንድ ነገር ምያለሁ፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት በፊት ከአልጋዬ ላልወርድ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ደወል ቀስቅሶኛል፣ ይበቃኛል። ላሊበላ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ መሐላ የምትመች ከተማ አይደለችም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ቅዳሴው ይሰማል፣ ዶሮው ይጮኻል፣ ባጃጁ ይነሣል። ከሁሉ የምትብሰው ግን ታላቅ እህቴ ናት፤ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጋንና እንስራ እያንኳኳች ግቢውን ትዞራለች። እኔም ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ እስባለሁ። ይህን ቀድሜ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያን ዓመት የደረሰብኝ ጣጣ ግማሹ የመጣው ከዚሁ እንቅልፌ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከቆላ ነው። ከወልድያ ወዲያ፣ በመንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ። ሁለታችንም ልጅ እግር መምህራን ሆነን እዚያ ስንመደብ አንድ ክፍል ተከራይተን ኖረናል፤ እሷ ሒሳብ ታስተምራለች፣ እኔ ባዮሎጂ። እሷ ረመዷንን ስትጾም እኔ ጓዳ ገብቼ እጎርሳለሁ፣ እኔ ሑዳዴን ስጾም እሷ ጎረቤት ሄዳ ወጥ ትቀምሳለች፤ እንዲህ ተከባብረን አራት ዓመት ኖርን። በየጧቱ ወደ ትምህርት ቤት ስንወርድ አጥር ላይ የተጠመጠመች አንዲት የዱር ሐረግ እናገኛለን። ፍሬዋ የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል፣ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ የሚያድገውም በቀጭን አረንጓዴ መረብ ተጠቅልሎ ነው። መረቡን ገልጠን፣ ልጣጩን ከፍተን፣ ጣፋጩን መጥጠን፣ ጥቁሩን ዘር ማን አርቆ እንደሚተፋ እንወዳደር ነበር። ተማሪ ካየን ግን ወዲያው ቀጥ ብለን መምህር እንሆናለን።

አምና ልጠይቃት ወርጄ፣ ሁለት አሮጊቶች ሆነን፣ እንደገና ተወዳደርን። አሸነፈችኝ። ስመለስ አንድ ፍሬ ከእሷ አጥር፣ አንድ ፍሬ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ከወንዙ ዳር ለቅሜ በመሐረብ ቋጥሬ አመጣሁ። ሚያዝያ ላይ ዘሩን ለሙከራ ያህል መሬት ውስጥ ሸጎጥኩት። ከእሷ አጥር የመጣው በግቢያችን አጥር ዳር ባለው በእትዬ ጌሾ ሥር በቀለ፤ የወንዝ ዳሩ ደግሞ ከኋላ፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ።

ነሐሴ ላይ ጓደኛዬ ደወለች። ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም።

“ወላሂ አንድ ሥር አልቀረም” አለችኝ። “መንገዱ ይሰፋል ብለው ዶዘሩ አጥሩንም ወንዝ ዳሩንም ጠረገው። ዙሪያውን ሁሉ ዞሬ ፈለግሁ፣ የለም። ያንቺዎቹ ብቻ ናቸው የቀሩት። ፍሬ ላኪልኝ እቴ፣ ለዘር።”

“አብሽሪ!” አልኳት በራሷ ቃል። “እልክልሻለሁ።”

ለባዮሎጂ መምህርት ፍሬ መላክ ምን ይከብዳል? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ወራቱን በጣቴ መቁጠር የጀመርኩት። እኛ ላስታዎች ዘንድ ኅዳር ሲያልቅ ሰማዩ ይጠራና ውርጭ ይወርዳል። ይቺ ሐረግ የቆላ ልጅ ናት፤ ውርጭ ከነካት ትጠቁራለች፣ አለቀላት። ስለዚህ ከውርጩ በፊት ፍሬ ይዛ፣ ፍሬዋም በስሎ ካልተለቀመ፣ ለጓደኛዬም ለእኔም ዘር የሚባል ነገር አይኖርም። ቃል የገባሁት ይህን ነበር።

ሐረጓ ለራሷ ምንም አልሰነፈችም። ክረምቱን ጠጥታ ጌሾው ላይ ወጣች። ቅጠሏ ሦስት ጣት ያለው፣ ለስላሳ ፀጉር የለበሰ ነው፤ ሲያሹት የሰነበተ ካልሲ ይሸታል። ከየቅጠሉ ብብት አንዳንድ ቀጭን ክር ይወጣል። ክሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ በነፋስ ይወዛወዛል፤ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ግን በአንድ ቀን ይጠመጠምበታል። ከያዘ በኋላ ደግሞ መሐሉ ላይ ይሸበለላል፣ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ። ሁለት ጫፉ የታሰረ ክር ወደ አንድ ጎን ብቻ ልጠምዘዝ ቢል አይሆንለትም፤ ስለዚህ ለሁለት ተካፍሎ ይጠመዘዛል፣ ነፋስ ሲመታውም እየተሳበ እየተመለሰ አይበጠስም። እኔ በዚህ ስደነቅ እትዬ በጌሾዋ ትናደዳለች። የእሷ ጠላ በሠፈሩ የታወቀ ነው፤ ለገና እንግዳው ሲጎርፍ የምትጠምቀው በራሷ ጌሾ ነው፣ የገበያ ጌሾ አታምንም።

“ይቺ ሽታም ጌሾዬን አነቀችው!” አለች አንድ ቀን። በማግስቱ ማጭድ ይዛ መጣች።

እግዜር ሲረዳ፣ የመጀመሪያዋ አበባ የፈነዳችው ያን ዕለት ነበር። ወሩ ደግሞ ወርኃ ጽጌ። ሁለት ሰዓት አልፎ እኔም ተነሥቼ ነበር፤ ሮጬ በማጭዱና በሐረጓ መካከል ቆምኩ።

“እትዬ፣ ፈረንጆቹ ይቺን አበባ ምን እንደሚሏት ታውቂያለሽ?”

“ምን ይሏታል? ሽታም?”

“የሕማማት አበባ።”

ማጭዱ ባለበት ቆመ። እኔም ጊዜ አላባከንኩም። አበባዋ ነጫጭ ቅጠሎቿን እንደ ሰፌድ ዘርግታለች፤ በላያቸው ሥሩ ሐምራዊ፣ ጫፉ ነጭ የሆነ የክር ክብ አለ። “ይኼ አክሊለ ሦክ ነው ይላሉ” አልኩ። ከመሐል አንድ ዘንግ ይቆማል፤ ከዘንጉ ላይ አምስት ቢጫ ነገሮች ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል፣ ከእነሱ በላይ ደግሞ ራሳቸው ሞላ ያለ ሦስት ቀጫጭን ክንዶች አሉ። “እነዚህ ሦስቱ ችንካሮቹ ናቸው” አልኩ፤ በመጽሐፍ ያነበብኩት እንዲያ ነበር።

“ሦስት?” አለች እትዬ። “ሦስት ያለው ማነው? ችንካሩ አምስት ነው!”

ማጭዷን መሬት ላይ አኖረችና ጎንበስ ብላ በሌባ ጣቷ ሳትነካ እየጠቆመች አምስቱን ቢጫዎች ቆጠረች። “ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ።” ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። “ይኸው አምስት። ፈረንጆቹ መቁጠር አያውቁም።”

“ሦስቱስ?” አልኳት።

“ሦስቱማ ሥላሴ ናቸዋ!”

እነዚያ አምስት ቢጫዎች የአበባው ወንዴ መሆናቸውን ለሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ራሴን ነቀነቅሁ። ውሸት አልተናገርኩም፤ እውነቱንም አልተናገርኩም። እትዬ ከሰዓት በኋላ ራሷ የባሕር ዛፍ አጠና ተክላ ሐረጓን ከጌሾው ላይ አንድ በአንድ ፈትታ ወደ አጠናው አሻገረቻት። እኔ በብልጠቴ እየተደሰትኩ ተመለከትኩ።

አበባው በየቀኑ ይፈነዳ ጀመር። ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታል፣ አምስት ሰዓት ሲሆን ይዘጋል፤ የአንድ አበባ ዕድሜ ይኸው ነው። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ከነመያዣው ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ፍሬ የለም። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በሕፃንነቱ ንብ ከከበበው ንጉሥ ነው ይባላል፤ የኔ አበባ ግን ንብ ረዳት ልበል? ንብማ ትመጣለች። ነገር ግን ለዚህ አበባ ትንሽ ናት፤ በክሮቹ መካከል ሾልካ ማሩን ልሳ ስትወጣ ጀርባዋ አምስቱንም ሦስቱንም አይነካም። ቆላ ውስጥ ይህን ሥራ የምትሠራው እንጨት የምትበሳዋ ትልቋ ጥቁር ንብ ናት፤ ገብታ ስትወጣ ዱቄቱ ጀርባዋ ላይ ይነሰነሳል፣ በሚቀጥለው አበባ ላይ ሦስቱ ይጠርጉታል። እኛ ብርዱ ላይ እሷን ከየት አምጥተን?

የዶሮ ላባ አነሣሁና ራሴ ንብ ሆንኩ። ዱቄቱን ከአምስቱ ወስጄ እዚያው አበባ ላይ ሦስቱን ቀባኋቸው። በሦስተኛው ቀን ወደቀ። ከአንዱ አበባ ወደ ጎረቤቱ አበባ ወሰድኩ። ወደቀ። ከዚያ ነው ራሴ ያስተማርኩት ትዝ ያለኝ፤ ከእነዚህ ሐረጎች መካከል ከራሱ ሥር የመጣን ዱቄት የማይቀበል ወገን አለ፣ ከሌላ ሥር ካልመጣለት አያፈራም። እሰይ፣ ሌላ ሥርማ አለኝ፣ የማገዶው ሐረግ! ላባዬን ይዤ ወደ ኋላ ሮጥኩ። አበባው ተከፍቷል፣ ክሩ አለ፣ ሦስቱ አሉ፤ አምስቱ የሉም። ወደ ጌሾው ሐረግ ተመለስኩ። እዚያም የሉም። በማግስቱም የሉም፣ በሳልስቱም።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ደብተር አውጥቼ ጥናት ጀመርኩ። ጉንዳን ይሆናል ብዬ የሐረጎቹን ሥር በዓመድ ከበብኩ። አምስቱ ጠፉ። አይጥ ይሆናል ብዬ የጎረቤት ድመት ተውሼ አመጣሁ፤ ድመቷ ጌሾው ሥር እንደኔው እስከ ረፋድ ተኛች። ወፍ ነው ብዬ ቆርቆሮ ሰቀልኩ። እትዬ ስትገባ ስትወጣ ታየኛለች፣ ምንም አትልም። ጓደኛዬ በየዓርቡ ከጁምዓ ስትመለስ ትደውላለች፣ “ፍሬው እንዴት ሆነ?” ትላለች። “እየመጣ ነው” እላታለሁ። አንድ ዓርብ፣ “አጥሩ ዳር ጉድጓዱን ቆፍሬ ፋንድያ ጨምሬ ጨርሻለሁ” አለችኝ። ጥቅምት እያለቀ ነበር፣ አንድ ፍሬ የለኝም።

ያን ጊዜ መሐላዬን አፈረስኩ። ለባብሼ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች፤ ከኋላዋ ሁለት ጎረቤቶቻችን፣ ሁሉም ነጠላቸውን አጣፍተው። ጫማቸውን አወለቁ። እትዬ ወደ ተከፈተው አበባ ቀረበች፣ አማተበች፣ በሁለት ጣቶቿ “ሳዶር” ብላ አንዱን ቢጫ ቀጨችው። “አላዶር” ሁለተኛውን። ለአንዷ ለወገቧ፣ ለሌላዋ ለልጇ ፈተና ሰጠች፤ የቀረውን በጸሎት መጽሐፏ ገጾች መካከል አስቀመጠች። ሦስቱን ግን አንዳቸውም አልነኳቸውም፣ ሥላሴ ናቸውና። ከዚያ በተርታ ወደ ማገዶው ሐረግ ሄዱ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏት ነበር እንደኔ ያለችውን። ሐረጓን ከማጭድ ያዳንኩበት ተረት ፍሬዋን ከሥር ከሥሩ ሲያስቀር ነበር የከረመው። ወጥቼ ልናገር አስቤ ከበሩ ጀርባ ቀረሁ። ምን ልበል? እናንተ የምትሳለሙት የአበባ ወንዴ ነው ልበል?

ስለዚህ ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸውና ጉዳዩን ከነድመቷ ዘርዝሬ፣ “አባ፣ እባክዎ ይከልክሉልኝ” አልኳቸው።

ሳቃቸው ሲያልቅ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። “አበባ አበባ ናት ብዬ ነግሬያቸዋለሁ ልጄ። አበባ አይቶ ሕማማትን የሚያስብን ሰው ግን በምን ቃል እከለክላለሁ? እኔ መቅደስ እንጂ አጥር አልጠብቅም።”

“እና ምን ይሻለኛል አባ?”

“የቋጠርሽው አንቺ፣ የምትፈቺውም አንቺ። ይህን ደግሞ በንስሐ ሳይሆን በአጥሩ ዳር ነው የምትፈጽሚው።”

በማግስቱ ከእትዬ ቀድሜ አጥሩ ዳር ነበርኩ። ብቻዋን መጣች፤ ጎረቤቶቹ ገና አልደረሱም። ባየችኝ ጊዜ፣ “ታመምሽ እንዴ?” አለች።

“ተቀመጪ እትዬ። የምነግርሽ አለኝ።”

“ቆሜ አይሰማም?”

“ተቀመጪ።” ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። “ያን ዕለት የሕማማት አበባ ያልኩሽ፣ እውነት ፈረንጆቹ ይሏታል፣ ግን እኔ ያልኩሽ ማጭዱን እንድታስቀምጪ ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ታውቂያለሽ?”

“ያሳደግሁሽ እኔ አይደለሁ እንዴ? ስታታልዪ ድምፅሽ ይቀጥናል። አንቺ ለማታለል ተናገርሽ፣ እኔ ግን ቆጠርኩ፣ አምስት ሆነ። ቁጥሩን አንቺ አልሠራሽው።”

ሌላውን ቀጠልኩ። አምስቱ የአበባዋ ወንዴ መሆናቸውን፣ ጣት ላይ የሚቀረው ቢጫ ዱቄት ከእነሱ ወጥቶ ሦስቱ ጫፍ ላይ ካልደረሰ ፍሬ እንደማይኖር ነገርኳት። እሷ በየጧቱ ስትለቅም ጓደኛዬ ቆላ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ይዛ እየጠበቀች መሆኑንም ነገርኳት። እትዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

“ሦስቱን ደግሞ ሴቴ ናቸው እንዳትዪኝ ብቻ።”

ዝም አልኩ።

“ዝም ማለቷ! በስመ አብ!”

“ስለ አበባዋ ነው የምልሽ እትዬ። ስለ አበባዋ ብቻ።”

“እሺ፣ አበባዋን በይ። ቀጥዪ።”

“ከራሷ አምስት ወደ ራሷ ሦስት ብወስደው ደግሞ አትቀበልም። በላባ ሞክሬዋለሁ።”

“ለምን አትቀበልም?”

ከባዱ ምዕራፍ ይህ ነበር። ተማሪዎቼን ለማስረዳት አንድ ሳምንት የሚያለፋኝ ነገር ነው፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ ልጀምር ስል እትዬ ቀደመችኝ።

“ዘመዷ ነዋ! ሰባት ቤት ሳይቆጠር ይጋባሉ እንዴ?”

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የመለሰልኝ ተማሪ አልነበረም። “ልክ ነሽ” አልኳት። “ስለዚህ ከማገዶው ሐረግ ወደዚች ማምጣት ነው።”

“ቆይ እስቲ” አለች እጇን አንሥታ፣ ፊቷም የጋብቻ ሽማግሌ ፊት ሆነ። “ሁለቱንስ ያመጣሻቸው አንቺ አይደለሽ? ከአንድ ቤት ከሆኑ እህትማማች ናቸው፣ አይሆንም።”

“አንዷ ከጓደኛዬ አጥር ናት፣ አንዷ ከወንዝ ማዶ።”

“ወንዙ ሰፊ ነው?”

“በክረምት አያሻግርም።”

“እንግዲያ ባዳ ናቸው። ይጋቡ።” ትንሽ አሰበች። “ከቅንዋቱ፣ ከችንካሩ፣ ለዓለም መዳን ተገኘ፤ ለአንዲት ሐረግ ፍሬ ቢገኝ ምን ይገርማል?”

እኔ ስንት ቀን በፍርሃት ስቃጠል የከረምኩበት ነገር እንዲህ አለቀ። ልነሣ ስል ግን እትዬ ከድንጋዩ አልተነሣችም። ተዘርግታ ያለችውን አበባ እያየች፣ “አንቺ ስታስተምሪ የኖርሽው እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“የሰው ልጅ ሁሉ ሲሰማው ለኔ ምነው አንድ ቀን ሳትነግሪኝ?”

አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ፤ እሷ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ጋን አነሣች። እኔ ወልድያ የተማርኩት፣ ማሠልጠኛ የገባሁት በእሷ ጠላ ነው። በየክረምቱ ስመለስ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጫማ አውርተናል። ምን እንደማስተምር ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም የምታውቀው አይመስለኝም ነበር፤ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ የሚገባት አይመስለኝም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጧት አፍሬ አላውቅም። “ይቅር በይኝ” አልኳት። “ተነሺ ባክሽ” አለችኝ፣ “አበባው ይዘጋብናል።”

ከማገዶው ሐረግ አምስቱን ቀጭታ በመዳፏ ይዛ መጣች። ላባዬን ባቀርብላት በእጇ ገፋችው። እኔም ትንሽ እንድትታገሥ ነገርኳት፤ አበባው ገና ሲከፈት ሦስቱ ክንዶች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ትንሽ ቆይተው ነው ወደ ታች የሚያጎነብሱት። ትልቋ ንብ ስትገባ ጀርባዋን እንዲነኩ ነው። ሁለታችንም ተቀምጠን ጠበቅን። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ሦስቱም ዝቅ አሉ።

“ጎንበስ ሲሉ ነው የሚሳለሙት” አለች እትዬ። ተነሥታም ቄስ መስቀል እንደሚያሳልሙት አንዱን ቢጫ ወስዳ አንደኛውን ጫፍ አስነካችው፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ስሙን እየጠራች። ጎረቤቶቹ ሲደርሱ እትዬ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ሦስቱ ይሳለማሉ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገ አምስቱን ለበረከት ይወስዳል። ማንም አልተከፋም።

በሦስተኛው ቀን አበባው አልወደቀም። በአራተኛውም። በሳምንቱ በመረቡ ውስጥ አንዲት ዕንቁላል መሳይ አረንጓዴ ነገር አየሁና ጮህኩ፤ ድመቷ ከጌሾው ሥር ሸሸች። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ፍሬ ያዘች። መረቡ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በየክሩ ጫፍ የሚያጣብቅ ጠብታ አለ፣ ፍሬውን ልትበላ የምትመጣ ትንኝ እዚያው ተጣብቃ ትቀራለች። እትዬ ይህንንም ጠይቃ ተረዳች። ያልበሰለውን ፍሬና ቅጠሉን ማንም እንዳይቀምስ መርዝነት እንዳለው ስነግራት ደግሞ ሠፈሩን በአንድ ቀን አዳረሰችው።

ኅዳር ተጋመሰ። ፍሬዎቹ አረንጓዴ ናቸው፣ ሰማዩ ጠራ። አንድ ቀን ወደ ማታ ነፋሱ ቆመ፤ የዚህ አገር ሰው ነፋስ ሲቆም ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ማዳበሪያ ጆንያ ፍለጋ ጎረቤት ሄጄ ስመለስ እትዬ ለበዓል የምትለብሰውን ጥልፍ ነጠላ ሐረጓ ላይ አልብሳ በጌሾው ቅርንጫፍ ታስራለች። “ያ እኮ ይጣበቃል፣ አይለቅም” አልኳት። “አየዋለሁ” አለች። ነጠላው እስከ ዛሬ አልጸዳም፤ ትንኞቹም አሉበት። የማገዶዋ ሐረግ በዚያው ሰሞን ጠቁራ ቀረች። የጌሾዋ ግን እያቃሰተች ከረመች፤ ኅዳር ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ከዘጠኙ ሰባቱ ቢጫ ሆኑ፣ ለቀምናቸው። ሁለቱን ውርጭ ወሰዳቸው፣ ሐረጓንም እንደዚሁ።

ከሰባቱ አንዷን ለእኛ ዘር አስቀርተን ስድስቱን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ በጭድ ጠቅልለን ወደ ወልድያ በሚወርድ መኪና ላክን። በሁለተኛው ቀን ጓደኛዬ ደወለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጌ ለእትዬም አሰማኋት። አልሐምዱሊላህ ትላለች፣ ትስቃለች፣ አንዷን ፍሬ አላስችላት ብሎ እንደበላች ትናዘዛለች፤ ዘሩን ግን አንድም አልተፋችም፣ ሁሉንም በቆርቆሮ አፈር ውስጥ አስቀምጣለች። ከዚያ፣ “ትልቋ ንብ እናንተ ጋ የለች፣ እንዴት አፈራ?” ብላ ጠየቀች።

እኔ አፌን ስከፍት እትዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

“ስሚኝ ልጄ” አለች። “ሁለት ሥር ያስፈልግሻል፣ ባዳ ከጠፋ እህት ለእህትም ቢሆን። ለራሷ አትቀበልም። ፀሐይ ስትወጣ ተነሺ፣ ሦስቱ ጎንበስ እስኪሉ ታገሺ፣ ከዚያ የአንዷን አምስት ወስደሽ የሌላዋን ሦስት ታስነኪያለሽ። ሲዘጋ አይሆንም፣ በማግስቱም አይሆንም። ጻፍሽ?”

ጓደኛዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች መምህርት፣ ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማል። “ጽፌያለሁ እታለም” አለች በመጨረሻ። “እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት?”

እትዬ ቀና ብላ አየችኝ።

“ከትምህርት ቤት ነዋ” አለች። “ዘግይቼ ገብቼ ነው እንጂ።”